ሪዘርቭ ላይ የቆመች መኪና

አሊዩ አምባ ላይ መኪና ያለው ሰው ማታ ሲያቆም መጀመሪያ የሚፈልገው ድንጋይ ነው። ከጎማው ሥር የሚወሸቅ ደልደል ያለ ድንጋይ። አገሩ ስሙ እንደሚለው አምባ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም፤ የእጅ ፍሬን ብቻ አምኖ የሚተኛ ሹፌር አላየሁም። ድንጋዩ ከተወሸቀ በኋላ በሩ ይቆለፋል፣ መስታወቱ ይፈተሻል፣ ጭነት ካለ ሸራው ይታሰራል። የነዳጁ ጌጅ ግን ቀይዋን መስመር ነክቶ፣ አንዳንዴም መብራቷ በርታ፣ ሞተሩ ይጠፋል። «ነገ ይቀዳል» ይባላል። በቃ።

ይህቺን «ነገ ይቀዳል» ብዙ ሰው የስንፍና ምልክት አድርጎ ነው የሚያያት። «ሐበሻ እኮ መብራቱ ካልበራ አይቀዳም» ብሎ የሚስቅም አለ። እኔ አልስቅም። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ከያዝኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሞኝነት የሚመስል ነገር ሲያደርግ ካያችሁ፣ ከመሳደባችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። የአሊዩ አምባን ሹፌር ሒሳብ ሠርቼዋለሁ። በራሱ በኩል ልክ ነው። ትርፉ የእሱ ነው፤ ኪሳራው ግን የሚወድቀው ሌሊት መጥቶ በሩን በሚያንኳኳ ሰው ላይ ነው። ክርክሬ በሙሉ እዚህች ላይ ናት።

ከዋጋው እንጀምር። በ2014 ሰኔ መጨረሻ፣ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ፤ እዚያም ላይ አልቆመም። 40 ሊትር የምትይዝ ትንሽ መኪና ለመሙላት በመጀመሪያው ዋጋ 1,913 ብር ይበቃ ነበር፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ4,050 ብር በላይ ጠየቀች። ይህ ብር ታንከር ውስጥ ተኝቶ የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ የልጅ ደብተር አይገዛም። የዕለት ገቢውን ማታ ላይ ቆጥሮ የሚያድር ሰው 4,000 ብር ታንከር ውስጥ አስቀምጦ እንዲተኛ መጠበቅ ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ አምስት ሊትር ይቀዳል፣ እሷን ይሠራባታል፣ ነገ ሌላ አምስት ሊትር።

«ታዲያ ዋጋው እየጨመረ ከሆነ ዛሬ ሞልቶ ማስቀመጥ አያዋጣም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብር ዋጋው ሲወርድ ዕቃ መያዝ ይሻላል፤ ብሎኬትና ቆርቆሮ ገዝቶ የሚያስቀምጠው ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። ግን ቆርቆሮ አይተንም፣ ሌሊት በቱቦም አይመጠጥም።

ሁለተኛው ምክንያት እንግዲህ ይሄው ሌባ ነው። ደጅ ካደረ መኪና ነዳጅ በላስቲክ ቱቦ መምጠጥ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። አንድ የአይሱዙ ሹፌር «ባዶ መኪና ሰላም ያድራል» አለኝ። ቀልዱን አይደለም። ክዳኑ ተቆልፎ ሲያገኘው ታንከሩን ከሥር የሚበሳ ሌባ አለና፣ ያኔ ነዳጁም ታንከሩም ይሄዳል።

ሦስተኛውን ምክንያት ሰው ብዙ አያወራውም፤ ለእኔ ግን ዋናው ነው። ብዙ መኪና የሚነዳው ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ሹፌሩ ነዳጅ ቀንሶ እንዳይሸጥበት ይፈራል፤ ስለዚህ ለመንገዱ ብቻ የሚበቃ ለክቶ ይሰጣል። ሹፌሩ በበኩሉ ከተለካለት ላይ የተረፈችውን የራሱ ላብ አድርጎ ነው የሚቆጥራት። ሁለቱ ስለማይተማመኑ መኪናዋ ባዶዋን ታድራለች። በኩፖን የሚቀዳ የመንግሥት መኪናም ያው ነው፤ ኩፖኑ የተጻፈው ለጉዞው ነው፣ ለሌሊቱ የተጻፈ ኩፖን የለም። የዘመድ መኪናማ አታንሱት። የአጎቱን መኪና ለጓደኛው ሠርግ ተውሶ፣ በሙሉ ወስዶ በቀይ መብራት የመለሰ፣ ያውም «አጎቴ፣ አሳጥቤልሃለሁ» ብሎ ምስጋና የሚጠብቅ ልጅ የሌለበት ቤተሰብ ካለ ይጻፍልኝ።

እነዚህ ሦስቱ በአዲስ አበባም በሐዋሳም አሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ማደያው ሁለት ፌርማታ ነው፤ ሰልፉን ከቻላችሁት ስልካችሁን አውጥታችሁ በቴሌብር ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። አሊዩ አምባ ላይ ስለ ነዳጅ የሚያስብ ሰው ዓይኑ ወደ ላይ ነው። አንኮበርን አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ካልሆነ ዞሮ በደሴው መስመር ሸዋ ሮቢት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ የሚያወርደው ቁልቁለት አለ። ለመቅዳት ራሱ ነዳጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ነገ ዝግ፤ «ነገ ይቀዳል» የምትለዋ ነገ መቼ እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርመኝን ነገር ልናገር። ለአገሩ የሚመጣው ነዳጅ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ቦቴዎቹ በሚሌና በገዋኔ በኩል፣ በአፋር ሜዳ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ካርታ ዘርግታችሁ እዩት፤ ከይፋት ተራሮች በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ነው የሚያልፉት። ነዳጁ ከሥር ሽው ብሎ አልፎ መሃል አገር ገብቶ፣ እንደገና በደብረ ብርሃን በኩል ተመልሶ ነው ወደ አምባው የሚወርደው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕሩ ጠረፍ፣ ከታጁራ፣ የሚነሳው የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ የሚገባው በዚሁ በይፋት በር ነበር፤ አሊዩ አምባም የዚያ ንግድ ገበያ ነበረች። ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ መጥፎውንም ለመናገር ባሪያ ጭምር፣ በዚህ መስመር አልፏል። በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ መልዕክተኛ ቡድንም በዚህ ነው የወጣው። ግመል ዳገቱን ስለማይችለው ጭነቱ ቆላው ላይ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ያ ነጋዴ የሚቀጥለው የውኃ ጉድጓድ ምናልባት ደርቆ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ስልቻው ጭላጭ ይዞ የሚያድር ቅፍለት በረሃው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ውኃ ባለበት ያደረ ሰው ከመተኛቱ በፊት ስልቻውን ይሞላል፤ ነገ አይልም። የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው ዛሬ በጭላጭ የሚያድሩት፤ ምክንያቱም የያኔው ውኃ በነፃ ነበር፣ ቤንዚኑ ግን አይደለም።

አሁን ወደ መኪናዋ ሆድ እንግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ተረት አለ።

«ነዳጅ ጨርሳ የቆመች መኪና ፓምፗ ይቃጠላል» ይባላል። ቆማ አይቃጠልም። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ የቆመ ነገር ምን ያቃጥለዋል? እውነቱ እንዲህ ነው። የአብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ የቤንዚን መኪኖች ፓምፕ ታንከሩ ውስጥ፣ ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በዚያው ነዳጅ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ጭላጭ ይዛ ካደረች በጭላጭ ነው የምትነሳው። በጭላጭ የአንኮበርን ዳገት ስትወጣ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፓምፑ አንዴ ነዳጅ አንዴ አየር ይስባል፣ ይግላል። አንድ ቀን ምንም አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የኖረች መኪና ግን ፓምፗ ከጊዜው በፊት ይደክማል፤ የፓምፑን ዋጋ ደግሞ መርካቶ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ተዳፋቱ ሌላም ጣጣ አለው። አፍንጫዋን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርጋ የቆመች መኪና ውስጥ ያለችው ትንሽ ነዳጅ ወደ አንድ ጥግ ትሰበሰባለች። የፓምፑ አፍ ያለው በሌላው ጥግ ከሆነ፣ ማታ «ሦስት ሊትር አላት» ያላችኋት መኪና ጠዋት እንደ ባዶ ትሆናለች። ጌጁም ይዋሻል፤ ተንሳፋፊው እንደ ነዳጁ ማዘንበል ነው የሚወጣውና የሚወርደው። ለዚህ ነው አሊዩ አምባ ላይ አንድ ስምንተኛ ታንከር እና ባሕር ዳር ላይ አንድ ስምንተኛ ታንከር አንድ አይደሉም የምለው።

ስለ ውኃም ይወራል። ታንከሩ ባዶ ሲሆን ነዳጅ የለቀቀውን ቦታ አየር ይይዘዋል፤ አየር እርጥበት አለው፤ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ውኃ ከቤንዚንም ከናፍጣም ይከብዳልና ወደ ሥር ይዘቅጣል፤ ፓምፑ የሚስበውም ከሥር ነው። እውነት ነው፣ ግን ተጋኗል። ማታ ቆማ ጠዋት ለምትነሳ መኪና ይህ ጤዛ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለወራት ለቆመች መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮዎቹ የብረት ታንከሮች ከውስጥ ይዝጋሉ፤ ናፍጣ ላይ ደግሞ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡና ፊልትሮውን የሚደፍን ዝቃጭ ይሠራሉ። ቤንዚንም ራሱ ያረጃል፤ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ ነገር ይሆናል። አየሩ በበዛ፣ ነዳጁ ባነሰ ቁጥር ይህ ይፈጥናል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያግዘዋል። ለገና መጥቶ፣ መኪና ገዝቶ፣ ለእህቱ ቁልፍ ሰጥቶ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አሜሪካ የተመለሰው ወንድም ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። «ነዳጅ አውጥታችሁ አቁሟት» ማለት ቁጠባ አይደለም።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ቤንዚን ያለቀበት መኪና ቤንዚን ሲጨመርለት ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ናፍጣ እስኪደርቅ የተነዳ አሮጌ መኪና ግን ቱቦዎቹ ውስጥ አየር ይገባል፤ ናፍጣ ቢጨመርም አይነሳም። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየገፉ፣ ብሎን እያላሉ፣ አየሩን ማስወጣት ነው። ልምድ ያለው ሹፌር በቀን ይሠራዋል። በሌሊት፣ በባትሪ መብራት፣ ሰው እያለቀሰ፣ እሱም እጁ ይንቀጠቀጣል።

ወደ ሌሊቱ መጣን።

የእናቴ ወገኖች ከዚያ አካባቢ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከዘመዶቻችን አንዷ ምጥ ያዛት፤ ቀኑ አልፎ ሌሊት ሆነ፣ ልጁ ግን አልመጣም። ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ ያለማመንታት «ከአቅሜ በላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ውሰዷት» አለች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቶ ነበር። በሰፈሩ ሦስት መኪና ቆሟል፤ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ አንድ አይሱዙ፣ አንድ ሃይሉክስ። ሦስቱም ናፍጣ ናቸው፣ ሦስቱም ሪዘርቭ ላይ ናቸው። የአይሱዙው ቁልፍ ያለው ሌላ ቦታ ካደረው ሹፌር ኪስ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ወጣ። ከአይሱዙው በቱቦ፣ በአፍ እየተሳበ ወጣ፤ ከሃይሉክሱም ወጣ፤ ሁሉም ተጠራቅሞ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ገባ። ከ«ውሰዷት» እስከ «ሂድ» ድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። ደረሰች። ልጁ ዛሬ ይድሃል። እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷት ሦስት ሳምንት ተኝታለች።

ማን ላይ ትፈርዳላችሁ? የላንድክሩዘሩ ባለቤት ከእንቅልፉ ተነስቶ አንድ ብር አልጠየቀም። የሃይሉክሱ ባለቤት ለጠዋት ሥራው ያስቀመጣትን ጭላጭ ሰጥቷል። ክፉ ሰው አልነበረም በዚያ ሌሊት። የነበረው ሦስት ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ ሦስቱ ትክክል ሒሳቦች ሲደመሩ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኑ።

የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ። ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ሐሳብ ነው፤ የእኛም አገር የእናቶች ጤና ሥራ ይጠቀምበታል። እናት የምትሞተው ወደ ሕክምና ለመሄድ ሲወሰን በሚዘገይ፣ መንገድ ላይ በሚዘገይ፣ ወይም ሆስፒታል ደርሳ እርዳታ በሚዘገይ ጊዜ ነው ይላል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቤት ለቤት ዞረዋል። ሁለተኛው ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው ስለ መንገድና ስለ አምቡላንስ ቁጥር ነው። መንገዱ ተሠርቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ሹፌሩ ፈቅዶ፣ ታንከሩ ባዶ የሆነበትን ሌሊት የሚመዘግብ ቅጽ ግን አላየሁም።

«እና ሁሉም ሰው ሞልቶ ይደር ነው የምትለው?» አይደለም። ይህን በደንብ ልበለው፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አንብቦ ማደያ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከኢራን አብዮት በኋላ፣ አሜሪካውያን ነዳጅ ሊጠፋ ነው ብለው ፈሩና ገና ሩቡን ሳይጨርሱ ተመልሰው መሙላት ጀመሩ። የሚነዱት አልጨመረም፤ ማደያው ታንከር ውስጥ የነበረው ነዳጅ በየሰዉ መኪና ታንከር ውስጥ ገባ እንጂ። ሰልፉ ሰፈር ዞረ። አንዳንድ ግዛቶች በታርጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ቀን ለዩ፤ አንዳንዶቹም «ትንሽ ለመጨመር ብቻ መሰለፍ ክልክል ነው» አሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ከሞላ እኛም ዘንድ የሚሆነው ያው ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። በሳምንት 40 ሊትር የሚያቃጥል ሰው፣ ታንከሩን ከሩብ በታች ላለማውረድ ቢወስን፣ በሳምንት የሚያቃጥለው ያው 40 ሊትር ነው። የጨመረው አንዴ የተቀዳችው የመጀመሪያዋ ሩብ ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ የአገሩ ፍጆታ አይቀየርም። እንዲያውም ሰልፉ ይቀንሳል። 40 ሊትሩን በአምስት አምስት ሊትር የሚቀዳ ሰው በሳምንት ስምንት ጊዜ ይሰለፋል፤ በሃያ ሃያ የሚቀዳ ሁለት ጊዜ። ማደያ በር ላይ «ሰዉ በዛ» ስንል አንዳንዴ የበዛው ሰው አይደለም፤ ያው ሰው ስምንት ጊዜ መጥቶ ነው። ስለዚህ ሰላም ባለበት፣ ወሬ በሌለበት ሳምንት ሩብ ይዞ መጀመር ማንንም አይጎዳም።

የሩቡ መጠን ከየት መጣ? ከአሊዩ አምባ ደብረ ብርሃን መንገዱን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሉት። ዳገት ነውና አሮጌ ላንድክሩዘር በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከ8 ሊትር በላይ ይፈልጋል። 10 ሊትር ያለው መኪና ያደርሳል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ግን ሩቡም ላያስፈልገው ይችላል፤ እዚያ ያለው ሰው ይህን እንደ ደንብ አይውሰደው።

«በጄሪካን ቤት ማስቀመጥስ?» በፍጹም። አንደኛ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት፣ ምድጃ በሚነድበት ግቢ፣ ቤንዚን ማስቀመጥ እሳት ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛ፣ በ2017 የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጭ የሚነገድ ነዳጅን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ጥቁር ገበያውን ለመምታት ነው፤ አልቃወመውም። ብቻ ደንብ የሚያወጡት ሰዎች ከማደያ በጣም ለራቀ ጤና ጣቢያ በሕጋዊ መንገድ፣ በብረት በርሜል፣ በተቆለፈና በተመዘገበ ቦታ፣ ጥቂት ናፍጣ እንዲያስቀምጥ በግልጽ ቢፈቅዱና በጀት ቢመድቡለት ኖሮ ያቺ ሌሊት ሌላ ትሆን ነበር። ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ ቦታ ይሰጣል፤ ለናፍጣስ?

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ፣ «እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ እየጨመረ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ግን ወደ ዜሮ ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ መቆም ከቤንዚን ታንከር የባሰ ይጎዳዋል። መብራት በሄደበት ሌሊት ደግሞ ከጎረቤት በቱቦ አይመጠጥም።

መንግሥት እስኪሰማ ሰፈሩ የሚሠራው ነገር አለ፤ አዲስም አይደለም። መኪና ሳይመጣ በየገጠሩ የቃሬዛ ማኅበር ነበር። በሽተኛ ሲኖር ወጣቱ ተራ ገብቶ ዳገቱን ይሸከማል። ቃሬዛው ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ የት እንደተሰቀለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ገመዱ የተበጠሰበት ቃሬዛ ሰቅሎ የሚያድር ማኅበር ይታማል። መኪና መጣና ቃሬዛው ተረሳ፤ ተራው ግን ወደ መኪናው አልተላለፈም። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፤ ሁሉም ለሞተ ሰው ነው። በሕይወት ላለው ሰው 10 ሊትር የለውም።

ሒሳቡ ትንሽ ነው። በ2017ቱ የገና ዋጋ 10 ሊትር ቤንዚን 1,015 ብር ነው፤ ናፍጣውም በዚያው አካባቢ ነበር። ዛሬ ጨምሯል፤ እጥፍ አድርጉት፣ 2,030 ብር። መቶ አባወራ ያለው ዕድር ለአንድ ቤት 20 ብር ከ30 ሳንቲም፣ አንዴ ብቻ። ዕድሩ ከሰፈሩ ባለመኪኖች ጋር ይስማማል፤ በየሳምንቱ አንድ መኪና ተረኛ ይሆናል፣ የዕድሩን 10 ሊትር ታንከሩ ውስጥ ይዞ ያድራል፣ ቁልፉ ያለበት ቤት በዝርዝር ይጻፋል፣ መኪናዋም ግቢ ውስጥ ወይም ጥበቃ ካለበት አጠገብ ትቆማለች። ሰኞ ጠዋት የዕድሩ ጸሐፊ ጌጁን አይቶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ባለቤት ሹፌሩን የማያምንበት ችግርም እዚህ ላይ ይቃለላል፤ የነዳጁ ባለቤት ሰፈሩ ነው፣ የሚያየውም ሰፈሩ ነው። ሌሊት የተጠቀመ ቤተሰብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተካል። መተካት ካቃተው ዕድሩ ይተካል። ሹፌሩ ከኪሱ አያወጣም።